የቀበሌ ቤት፣ ከአዋጁ እስከ ቆጣሪው

ጌዶ ከአምቦ በስተምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጨሊያ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ክረምቷም ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ከተማ ቤት ማለት በመጀመሪያ ጣራ ማለት ነው። ግንቦት ሲያልቅ ድሃውን የሚያስጨንቀው የኪራይ ነገር ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው ሐምሌንና ነሐሴን ይችላቸው እንደሆነም ነው። ስለዚህ መንግሥት ለድሃው የከተማ ነዋሪ በቤት፣ በመብራትና በውሃ ያደረገው ድጋፍ ታሪክ ሲነገር፣ ከአዲስ አበባ ፎቆች ይልቅ እንደ ጌዶ፣ ጉደርና አምቦ ካሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ቢጀመር ነገሩ ጠርቶ ይታያል።

የዚህ ድጋፍ ዋና ተቋም የቀበሌ ቤት ነው። በአገራችን ለከተማ ድሃ ከተሰጠው ድጋፍ ሁሉ በስፋቱም ሆነ በዕድሜው የሚስተካከለው የለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሆነውም፣ ድጋፍ ተብሎ የተጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰው የሚያውቀው በኪራይ ደብተሩና በሚያፈስ ጣራው ነው።

ከአዋጁ በፊት የነበረውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማም ነበረች። በየከተማው መሬቱ የባላባቶች፣ የመኳንንት፣ የቤተ ክርስቲያንና ገንዘብ ያፈሩ ጥቂት ሰዎች ነበር። የቀረው ነዋሪ ሁለት ዓይነት ጭሰኛ ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ሌላው በሰው መሬት ላይ የራሱን ጎጆ ቀልሶ ለመሬቱ የሚከፍል ነው፤ ጎጆው የእሱ ቢሆንም የቆመችበት መሬት ግን የሌላ ነው፤ ባለመሬቱ «አንሳ» ካለው ቆርቆሮውንና እንጨቱን ነቅሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ጠላና አረቄ እየሸጡ በአንዲት ክፍል ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች፣ የቀን ሠራተኞችና ጡረታ የሌላቸው ሽማግሌዎች የሚኖሩት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ችግር ሲመጣ የሚደርስላቸው እድር፣ ማኅበር፣ ቤተ ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅና የጎረቤት ደቦ ነበር። ይህ ሁሉ የሰው ለሰው ነው፤ የመንግሥት ድርሻ አልነበረበትም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የገጠሩ መሬት አዋጅ ከወጣ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለመኖሪያ የሚይዘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ «ትርፍ» ሆነ። ቤት ማከራየትም ለግለሰብ ተከለከለ። ከኪራይ ገቢ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው የቀድሞ አከራዮች መጠነኛ የወር አበል እንዲሰጥ ተደነገገ፤ ለተወሰደው ቤት ካሳ ግን አልተከፈለም።

በዚያ ሐምሌ ተከራዩ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አገኘ። ኪራዩ ተቀነሰለት፤ ቅናሹ ከ15 እስከ 50 በመቶ ሲሆን፣ የሚከፍለው ያነሰ ሰው የበለጠ ይቀነስለት ነበር። ሁለተኛውና ትልቁ ግን የመባረር ፍርሃት መቅረቱ ነው። ባለቤቱ ስለተቆጣ፣ ልጁን ስለሚድር ወይም የተሻለ ከፋይ ስላገኘ «ልቀቅ» የሚል ሰው ከእንግዲህ የለም። ይህንን ቀለል አድርጎ ማየት የሚችለው ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

የቤቶቹ አስተዳደር በኪራያቸው መጠን ተከፈለ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ፤ ሕዝቡ ኪቤአድ የሚለው፣ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሆነው ማለት ነው። 100 ብርና ከዚያ በታች የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ለቀበሌ ተሰጡ። እንደ ጌዶ ባለ ከተማ በዚያን ጊዜ 100 ብር የሚከራይ ቤት ከየት ይመጣል? የትንንሽ ከተሞች ድሃ ከመንግሥት ጋር በቤት ጉዳይ የተገናኘው በቀበሌ በኩል ነው።

ቀበሌ የተቋቋመው ቤት ለማስተዳደር ቢሆንም በቤት አልተወሰነም። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ሥልጣኑን አሰፋለት። ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ የቀበሌ ሱቁ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በራሽን ያከፋፍላል፤ መታወቂያ ይሰጣል፤ ጥበቃ ያደራጃል። በዚያው መዋቅር፣ በዚያው ጽሕፈት ቤት፣ በቀይ ሽብር ዘመን ሰው ታስሯል፤ ከዚያም ተወስዶ ተገድሏል። የቤት ደብተሩን የያዘው እጅ መሣሪያም የያዘ እጅ ነበር። ስለዚህ በእድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ቀበሌ ሲያወሩ ምስጋናና ሐዘን አንድ ላይ ቢመጣባቸው ሊያስገርመን አይገባም። ቤቱን ያገኙት ከዚያ ነው፤ ልጃቸውን ያጡትም በዚያው በኩል ሊሆን ይችላል።

የኪራዩ ገንዘብ ወዴት ይሄድ ነበር? በሐሳቡ ቀበሌዎች ከሚሰበስቡት ኪራይ ቤቶቹን ይጠግናሉ፤ ለሠፈሩም መንገድ፣ መጸዳጃና አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ቤቶች ይሠራሉ። በተግባር ግን ኪራዩ በ1967ቱ ልክ ቆሞ ቀረ። የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ግን አልቆመም። በወር አምስት ወይም ስምንት ብር የሚከፈልበት ቤት የዓመት ኪራይ ተጠራቅሞ ጥቂት ቅጠል ቆርቆሮ የማይገዛበት ጊዜ መጣ። ቀበሌው የሚሰበስበው ገንዘብ ለጸሐፊውና ለገንዘብ ያዡ ደመወዝ ሲከፈል ያልቃል። ባለቤት የተባለው መጠገን አቃተው፤ ተከራዩ ደግሞ የሚጠግነው የራሱን ንብረት አይደለም።

የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚያረጅ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የቆየ ቤት ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው፤ በማገር ይያያዛል፤ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ቋሚው ያለ ድንጋይ መሠረት በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተተከለ በመጀመሪያ የሚበላው ከመሬቱ ጋር የተገናኘው ስንዝር ነው። እርጥበቱ ያበሰብሰዋል፤ ምስጥ ይጨርሰዋል። ከላይ ሲታይ ግድግዳው ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ተቆርጧል። ቤቱ መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ከዚያ ጣራው ዝቅ ይላል። ደጁ ያለው መንገድ በጠጠር እየተሞላ ከፍ ሲል ወለሉ ከመንገዱ በታች ይሆናል፤ የክረምት ጎርፍ በደጃፍ ይገባል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የበሰበሰውን ቋሚ አንድ በአንድ እያወጡ መተካት፣ ሥሩን ድንጋይ ማስያዝ፣ እንደገና መምረግ። ይህን ግን በየጥቂት ዓመቱ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሚያደርገው ሰውም ቤቱ ነገም በእጁ እንደሚቆይ ማመን አለበት።

የቀበሌ ተከራይ ለማደስ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ቢያገኝም ያወጣው ገንዘብ መብት አይሆነውም፤ ክፍል ቢጨምር ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ሊፈርስበት ይችላል። ሆኖም ቤተሰብ ያድጋል። ልጅ ያገባል፤ የልጅ ልጅ ይመጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ተሠራ፦ መጋረጃ ተጋረደ፣ ከጣራው ሥር ቆጥ ተሰቀለ፣ ጓሮው ወጥ ቤት ሆነ፣ ወጥ ቤቱም ደባል ገባበት። ደባሉ የሚከፍለው ኪራይ ዋናው ተከራይ ለቀበሌ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የድጋፉ ጠባይ ይገለጣል። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይዟል፤ ቅናሹ የሚደርሰው ግን ስሙ በደብተሩ ላይ ለሰፈረው ሰው ነው። ደብተሩን ይዘው የቆዩት ብዙዎቹ በእርግጥ ድሆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ከድህነት ከወጡ ቆይተዋል። በአንጻሩ ከጨሊያ ገጠር ትናንት ወደ ከተማ የገባች፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት በደብተሩ ላይ የለችም፤ በደባልነት የሙሉ ገበያ ዋጋ ትከፍላለች። ከሁለቱ ይበልጥ ድሃዋ እሷ ሆና ሳለ ድጋፉ አይደርሳትም።

ደርግ ለቤት ሌላ መንገድም ሞክሮ ነበር። በቤቶችና ቁጠባ ባንክ በኩል ለመኖሪያ ቤት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ ያበድር ነበር። በዚህ መንገድ ቤት የሠሩት ደመወዝተኞች ናቸው፤ መምህሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ የቢሮ ሠራተኛው። ቋሚ ገቢ የሌለው ሰው ወደ ባንኩ በር አልደረሰም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግለሰብ ቤት እንዲያከራይ ተፈቀደ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቆየ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አጸናው። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያ ቤት፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኝ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ተጽፏል። በኦሮሚያ ቀበሌው «ገንዳ» ሲባል፣ ከተሞቹ የራሳቸው አስተዳደር ሲኖራቸው፣ የቀበሌ ቤቶቹም አብረው ተላለፉ። የተላለፈው ግን የቆየውን ዕዳውን ይዞ ነው፦ የማይጠግን ኪራይ፣ ያዘነበለ ግድግዳ፣ የተጨናነቀ የጋራ መጸዳጃ።

ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ኮንዶሚኒየም ይዞ መጣ። ለአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም፤ በክልል ከተሞችም ተገንብቷል። በክልል ከተሞች ግን ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ የሚገዛ ሰው በበቂ አልተገኘምና። ለእኔ ከሁሉ በላይ ትምህርት የሚሰጠው ይህ ነው። በትንሽ ከተማ የድሃው ችግር ፎቅ ማጣቱ አልነበረም። ገቢው ወቅታዊ ነው፤ የወር ክፍያ አይችልም። በጓሮው ዶሮ ያረባል፤ በደጁ ጠላ ይጠምቃል፤ ገብስና በቆሎ ያሰጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ ሁሉ አይሆንም። ያንን ገንዘብ በሚያዘነብሉት ቤቶች መሠረት ላይ ድንጋይ ለማስያዝ ማዋል ይቻል ነበር።

የመብራቱ ነገር ከቤቱ ጋር አንድ ነው። ከጌዶ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ ፊንጫ ይወስዳል። በ1966 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ኃይል ማመንጫ በጊዜው ከአገሪቱ ታላላቆች አንዱ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የከፍተኛ ኃይል መስመርም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል፤ በጌዶም ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። ኃይሉ በአካባቢው አልፎ ይሄዳል፤ ወደ አንዲት ክፍል የሚገባው ግን በቆጣሪ በኩል ነው፤ ቆጣሪ ደግሞ የይዞታ ማስረጃ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ፣ የምሰሶና የሽቦ ወጪም ይፈልጋል።

መንግሥት ለድሃው መብራት ያደረገው ድጋፍ በታሪፉ ውስጥ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 0.273 ብር ነበር፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አልተነካም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ በአራት ዙር መሻሻል ሲጀምር የሌሎቹ ሁሉ ሲጨምር ይህ የመጀመሪያው እርከን በዚያው ቆየ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በጀመረው አዲስ ማስተካከያም ዝቅተኛ ተጠቃሚዎች ድጎማ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድ አምፖል የምታበራና ሬዲዮ የምትሰማ አሮጊት እንደ ሆቴል እንዳትከፍል ነው።

ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ምን እንደሚሆን እናስላ። በ2011ዱ ታሪፍ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀምና የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ የሦስቱ ድምር 41 ብር አይሞላም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን ፍጆታው 150 ሆኖ ይነበባል። በ2011ዱ ማሻሻያ የመጨረሻ ዙር ሁለተኛው እርከን 0.767፣ ሦስተኛው 1.625 ብር ነበር፤ በየእርከኑ ተከፋፍሎ ቢታሰብ እንኳ ሂሳቡ ቢያንስ 133 ብር ይደርስ ነበር። ሦስት ድሆች ተሰብስበው በቆጣሪው ፊት አንድ ሀብታም ሆኑ። ድጎማው የተሰላው በቆጣሪ ነው፤ ድሃው ግን ቆጣሪ የለውም። ከዚያ በኋላ ባለቆጣሪው በአምፖል ቆጥሮ ያስከፍላል፤ ምጣድ መጠቀም ይከለክላል፤ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ካርድ ሲያልቅ ማን ይሙላ በሚለው ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ምጣድ የተከለከለች ሴት ወደ እንጨትና ኩበት ትመለሳለች፤ ጭሱም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከልጆቿ ጋር ይቀራል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። የ1991 ዓ.ም. የውሃ ሀብት ፖሊሲ ከተሞች ወጪያቸውን ከታሪፍ እንዲሸፍኑ፣ አቅም የሌላቸውም በማኅበራዊ ታሪፍ እንዲደገፉ ይላል። የግል ቧንቧ ያለው በሜትር ኪዩብ ይከፍላል። የሌለው ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን ይቀዳል። አንድ ሜትር ኪዩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ በአንድ ብር ቢሸጥ ሜትር ኪዩቡ 50 ብር ሆነ ማለት ነው። ለዚያም ነው ለከተማ ድሃ ውሃ ማለት ከዋጋው ይልቅ የቧንቧ መስመር ማስገቢያው የሆነው። መስመር ማስገቢያውን በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ማድረግ ከብዙ የታሪፍ ቅናሽ ይልቅ ይጠቅማል።

በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ድጋፉ በዋጋ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ፣ በሰውየው ስም መጣ። መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ ከተሞች 11 ነበሩ፤ ከኦሮሚያ አዳማ ብቻ። ለአምቦ ሰው፣ ይልቁንም ለጌዶ ሰው፣ ያኔ በዜና የሚሰማ ነገር ነበር።

በትንንሾቹ ከተሞች በዓይን የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ የክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት። ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በየዓመቱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወጣቶችና ነጋዴዎች የአንዲትን አረጋዊት ቤት አፍርሰው በአዲስ ቆርቆሮ ይሠራሉ። ይህን የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። በቀበሌ ቤት ታሪክ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጠፍቶ የነበረውን አንድ ሥራ፣ ማለት ጥገናውን፣ መልሶ የያዘው ይህ ነው። ለሽማግሌዎቹም አዲስ አይደለም፤ ደቦ ያውቃሉ። ጉድለቱ ሌላ ነው። ቤቱ የሚታደስለት በኮሚቴ ተመርጦ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላው ይመረጣል፤ ያልተመረጠው የሚጠይቅበት መስኮት የለውም። በዓመት የተወሰነ በጀት ተይዞለት፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ቀድሞ እንደሚወድቅ በመሐንዲስ ተመዝግቦ፣ ዝርዝሩም በገንዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ በጎ ፈቃዱ የጥገና ተቋም ይሆን ነበር።

ዛሬ በአብዛኞቹ ከተሞች ድሃው የሚኖረው በቀበሌ ቤት ሳይሆን በግለሰብ ክፍል ውስጥ ነው። ለእሱ የወጣው ሕግ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወሰን ልክ እንዲሆን ያዛል። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መንግሥት በተከራይና በአከራይ መካከል በዚህ መጠን የገባበት ጊዜ የለም። ልዩነቱ አሁን ቤቱ የአከራዩ ሆኖ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህ ጥገናውን የሚጠይቁት ሰው አለ።

ለምዝገባው የሚቀርበው ውል የኪራዩን ልክ ይጽፋል። መብራቱንና ውሃውንም ቢጽፍ ጥሩ ነው፦ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የብቻ፣ የጋራ ከሆነ ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል፣ ሂሳቡስ እንዴት ይከፈላል። የኤሌክትሪክ አገልግሎትም ይህን ወረቀት ተቀብሎ የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለአንድ ቆጣሪ ብቻ ከመስጠት ይልቅ በቆጣሪው በተመዘገቡት ቤተሰቦች ቁጥር ቢያባዛው፣ ከላይ ያሰላናቸው ሦስት ቤተሰቦች ሂሳብ በመጀመሪያው እርከን ዋጋ ይታሰባል። ለዚህ አዲስ ድጎማ አያስፈልግም፤ በጀት ተይዞለት የነበረው ድጎማ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል።